ከስንዴው ጋራ ስሙም ይጻፍለት

ጦርነት የነቀለው ሕዝብ መንገድ በጀመረ ጊዜ ሁሉ ወሬው ወደ ከተማ የሚደርሰው በቍጥር ነው። ይህን ያህል ሺህ ሰው ድንበር ተሻገረ፤ ይህን ያህል ኩንታል እህል ተጫነ፤ ይህን ያህል ድንኳን ተተከለ ይባላል። ቍጥሩ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም፤ እህል የሚሰፍር ሰው ያለ ቍጥር ሥራውን ሊሠራ አይችልምና። ነገር ግን ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ቍጥሩን ለሌሎች ትተን በዚያ ሰልፍ ውስጥ ብቻውን ስለ ቆመው ልጅ እንድንጽፍ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይፍቀዱልን።

ልጁ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይሆነዋል እንበል። በሌሊት ሲሸሹ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ነበር፤ በወንዙ መሻገሪያ ሕዝቡ ሲጋፋ ጫፉ ከእጁ ወጣ። በማግሥቱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋራ መጠለያው ደረሰ። ጸሓፊው መዝገቡን ዘርግቶ «ስምህ ማን ነው?» ቢለው «ማሙሽ» ይላል። «የአባትህስ ስም?» ቢለው «አባባ»፤ «የእናትህስ?» ቢለው «እታለም»። አገርህ ወዴት ነው ቢሉት «እዚያ ማዶ» ብሎ በጣቱ ያሳያል። ልጁ አንድም ውሸት አልተናገረም። በሰፈሩ ሳለ ሁሉ በዚህ ስም ያውቀው ስለ ነበረ መልሱ ከበቂ በላይ ነበረ። ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ በራቀ ጊዜ ግን ያው መልስ ለማንም ምንም የማያስረዳ ሆነ።

እንግዲህ ጸሓፊው ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይም «ማሙሽ፥ ወላጅ የሌለው» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ወይም ብዕሩን አኑሮ ከልጁ ጋራ መሬት ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሥራ የኖሩ ሰዎች የሚያደርጉት ሁለተኛውን ነው። ጎረቤት እናትህን ማን ብሎ ይጠራታል? አያትህ ወዴት ትኖራለች? ገበያ የምትሄዱት በምን ቀን ነው? ከቤታችሁ ደጅ ሲቆሙ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ምን ይባላል? ውሃ የምትቀዱት ከምንጭ ነው ወይስ ከወንዝ? እያሉ ቀስ ብለው ይጠይቁታል። የረቡዕ ገበያ፥ የተራራው ስምና የደብሩ ስም አንድ ላይ በተገጣጠሙ ጊዜ አገሩ ይታወቃል። ልጁን ይዞ የመጣው መንገደኛም ሳይበተን በዚያው ሰዓት የት እንዳገኘው ይጠየቃል። የለበሰው ልብስ፥ በአንገቱ ያለው ክርና በእጁ የያዘው ዕቃ ሳይለወጥ ይጻፋል፤ እናቱ ልጇን ስትፈልግ አስቀድማ የምትናገረው ይህንኑ ነውና።

ደግሞም በዚህ ሥራ ዘንድ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ የወላጆቹ ሞት ሳይረጋገጥ ማንም ልጅ «የሙት ልጅ» ተብሎ አይጻፍም። ከዘመድም ከአሳዳጊም ተለይቶ ብቻውን የቀረ ልጅ አንድ ክፍል ነው፤ ከአባትና ከእናቱ ተለይቶ ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ጋራ ያለ ሌላ ክፍል ነው። «የሙት ልጅ» ከተባለ ግን የሚፈልገው ሰው ይቀርና የሚወስደው ሰው ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ እልቂትና ስደት ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው የተመዘገቡት ልጆች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ በኋላ ከዘመዶቻቸው ጋራ ተገናኝተዋል። መጀመሪያ ባዩዋቸው ሰዎች ቃል ብቻ «ዘመድ የላቸውም» ተብለው ቢሆን ኖሮ ማን ይፈልጋቸው ነበር?

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በነሐሴ ወር 1906 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1914) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በጄኔቭ ያለው የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የጦር ምርኮኞችን ወሬ የሚያፈላልግ ጽሕፈት ቤት አቆመ። የሥዕል ቤት የነበረው የራት ሙዚየም በካርድ ሣጥን ተሞላ። ጦርነቱ እስኪፈጸም ድረስ 2 ሚሊዮን ስለሚያህሉ ምርኮኞች 7 ሚሊዮን ያህል ካርድ ተጽፏል። የዚያ ዘመን ሕግ ግን ስለ ቁስለኛውና ስለ ምርኮኛው እንጂ ከቤቱ ስለ ተባረረው ባላገር የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነበረ። የኮሚቴው አባል ሐኪሙ ፍሬዴሪክ ፌርየር ይህን ቸል ማለት አልሆነላቸውምና ወታደር ላልሆነው ሕዝብ የሚሆን ክፍል ከፈቱ፤ ታዋቂው ፈረንሳዊ ደራሲ ሮሜን ሮላንም በዚያ ክፍል ያለ ደመወዝ ደብዳቤ ሲጽፉ ቆይተዋል። ሕግ ያልደረሰበትን ቦታ አስቀድሞ የደረሰበት አንድ ጠረጴዛና አንድ የካርድ ሣጥን ነበረ ማለት ነው። ሕጉ ተከትሎ የመጣው በነሐሴ 1941 ዓ.ም. በጄኔቭ በተፈረመው አራተኛው ስምምነት ነው፤ ይህም በጦርነት የተለያዩ ቤተ ሰቦች ወሬ እንዲለዋወጡና እንዲፈላለጉ ያዝዛል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም ማንነታቸውን በሚያስታውቅ ጠፍር ምልክት ወይም በሌላ መንገድ እንዲታወቁ ይደረግ ዘንድ ይናገራል። የአገራችን እናት ለልጇ ማተብ ስታስር ለሃይማኖቱ ነው፤ ሆኖም መንገድ ከመጀመሯ በፊት ስሙንና አገሩን በልብሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብትጽፍለት ወይም ብታስጽፍለት ያ ድንጋጌ የሚለውን አደረገች ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀይ መስቀል መልእክት ከ25 ቃል እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አውሮፓውያን በዚህ ብዙ ተቸግረው ይሆናል፤ የእኛ ቋንቋ ግን አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ግሥ ስለሚያስር በ25 ቃል ብዙ ማለት ይቻል ነበር ስንል አሰብን። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ኢጣልያና ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙትን መኳንንት፥ ወይም በዚያው ዘመን በኢየሩሳሌምና በኬንያ በስደት የኖሩትን የሚያስታውሱ ቤቶች «ደኅና ነን» የምትለው ቃል ብቻዋን ምን ያህል እንደምትመዝን አይስቱትም። ዛሬም ይህ መልእክት አለ። ሳይታሸግ የሚላክ ነው፤ የቤተ ሰብ ወሬ እንጂ የጦርና የፖለቲካ ነገር አይጻፍበትም፤ ተቀባዩም ባለበት ተፈልጎ በእጁ ይሰጠዋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሠራተኞች በዚህ ይደክማሉ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ስልክ በተቋረጠ ጊዜም፥ በየመጠለያው የተሰጠው የሁለት ደቂቃ ያህል የስልክ ጥሪ ለብዙ ሰው ከእህል ባላነሰ የሚጠበቅ ነበር።

በዚህ ላይ ስለ ስማችን አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን። አውሮፓዊ ቤተ ሰብ በአንድ የቤት ስም ይጠራልና የእናትና የልጅ ዝምድና ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። በእኛ ዘንድ ግን ልጅ በአባቱ ስም፥ እናትም በራሷ አባት ስም ስለሚጠሩ፥ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ በወረቀት ላይ ባዕዳን መስለው ይታያሉ። ከዚያም የክርስትና ስም አለ፤ የቤት ስምም አለ። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ጸሓፊ አንድን ልጅ በሦስት ስም ሦስት ልጅ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የእናት ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ሊጻፍ ይገባል። የእናት ስም ቦታ ባዶ የቀረበት መዝገብ ግማሹ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን አብዛኞቻቸው በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ናቸውና፥ ነገሩ ምጽዋት ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባናል። ድንበር የተሻገረው ስደተኛ ይባላል፤ በአገሩ ውስጥ ከቀዬው የወጣው ተፈናቃይ ይባላል። ስለ መጀመሪያው የአፍሪካ መንግሥታት የራሳቸውን ስምምነት የፈረሙት በዚህችው በአዲስ አበባ፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ስለ ሁለተኛው ደግሞ ጥቅምት 13 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ ተስማሙ፤ የኢትዮጵያም ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. አጽድቆታል። የካምፓላው ስምምነት በ13ኛው አንቀጽ መንግሥት የተፈናቃዮችን መዝገብ እንዲይዝ፥ የጠፋባቸውንም ወረቀት እንዲተካላቸው ያዝዛል። ይልቁንም ሴቶችና ከወላጅ የተለዩ ልጆች ወረቀቱን በገዛ ስማቸው የማግኘት መብት እንዳላቸው በግልጥ ጽፏል። ይህች የመጨረሻዪቱ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የራሽን ካርዱም የመሬቱም ደብተር በባሏ ስም የሆነባት ሴት፥ ባሏ በጦርነት በጠፋ ጊዜ ያለ ሟች ባሏም ያለ ሕያው ባሏም እህሏን ለመቀበል፥ በኋላም ወደ መሬቷ ለመመለስ ምን ያህል ደጅ እንደምትጠና የሚያውቅ ባለሥልጣን ትልቅነቷን ይረዳል።

ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ወደ ጋምቤላ የገቡት አብዛኛው ክፍል ሴቶችና ልጆች ናቸው። በኩሌ፥ በቲርኪዲና በሌሎቹም መጠለያዎች የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የልደት የምስክር ወረቀት አልነበራቸውም። ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያ የስደተኞችን ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት በራሷ ወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ መጻፍ ጀመረች። ጎተራ እህል ከመሙላት ይልቅ ይህ ለዓይን የማይታይ ሥራ ነው፤ ፎቶግራፍም አያምርበትም። ስለ ፎቶግራፍ ካነሣን፥ እኛም በሥዕል የምንታወቅ ጋዜጣ ነንና ራሳችንን ሳንወቅስ አናልፍም። የልጅን ፊት ለማሳዘኛ ማተምና ወላጁ እንዲያውቀው ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለፍለጋ የሚወጣው ሥዕል የሚለጠፈው ወላጆች በሚያልፉበት ቦታ ነው፤ ልጁን የሚያሳድድ ጠላት አለ ተብሎ ሲጠረጠር ደግሞ ፈጽሞ አይለጠፍም። የተፈናቃዮች የስም ዝርዝርም እንዲሁ ነው፤ ለፍለጋ የተሰጠ ስም ለሌላ ጉዳይ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በቅርብም ሆነ በሩቅ የጠፋበትን ዘመድ የሚፈልግ ቢኖር በአቅራቢያው ወዳለው የቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሄዶ ማመልከት ይችላል፤ ዋጋ አይከፈልበትም። ሲሄድም የጠፋውን ሰው ሙሉ ስም ከነአያቱ፥ የእናቱን ስም፥ የተወለደበትን ቦታና ዘመን፥ መጨረሻ የታየበትንም ስፍራ ይዞ ይሂድ። የጠፋው ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ ግን የቤት ስሙን መናገር አይርሳ፤ ልጁ በሌላ ስም ቢጠሩት አቤት አይልምና።