ቀስ በቀስ የሚሞላ ቤት

የረመዳን ሃያኛው ቀን ሲያልፍ ሁለት ቦታዎች ሰው ይበዛባቸዋል፤ አንዱ መስጂድ፣ ሌላው ገበያ። ለይለተል ቀድር የምትጠበቅባቸው የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች፣ የልጆች ልብስ፣ የመጋረጃና የምንጣፍ ሱቆች እስከ ምሽት ክፍት ሆነው ከሚያመሹባቸው ቀናት ጋር ይገጥማሉ። አባት ከአፍጥር በኋላ ለተራዊህ ሊነሳ ሲል «የትንሿ ጫማ እኮ አልተገዛም» ይባላል። እናት ቁርኣኗን ልትከፍት ስትል የሶፋው ልብስና የመጋረጃው ነገር ሐሳቧን ይከፍለዋል። በዓመት አንዴ የሚመጡ ሌሊቶች ለዋጋ ክርክር ይውላሉ።

በዚያ ሳምንት የሚገዛ ሰው መርጦ ለመግዛት ጊዜ የለውም። ሻጩም ይህን ያውቃል። ገዢው ሌላ ሱቅ ዞሮ ለመመለስ አቅሙም ሰዓቱም እንደሌለው ፊቱን አይቶ ይረዳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በደንብ የሚታየው በኢድ ዋዜማ ገበያ ነው። በችኮላ የተገዛው ቀሚስ በሁለተኛው እጥበት ይለቃል፤ የተገዛው ጠረጴዛ ክረምቱን አይሻገርም፤ ለሁለቱም የተበደርነው ገንዘብ ግን ከነሱ በኋላም አለ። ከሁሉም የሚከፋው፣ ኪሱ ለልብስና ለዕቃ ከተራቆተ በኋላ ዘካተል ፊጥር ሲታሰብ ነው። ከኢድ ሶላት በፊት በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስም ለችግረኛ የሚደርሰው ምግብ በመጀመሪያ ሊመደብ ሲገባው፣ በትርፍራፊ ገንዘብ የሚሸፈን ይሆናል።

አዲስ ልብስ አይገዛ፣ ቤት አይጌጥ ማለታችን አይደለም። በኢድ ቀን መታጠብ፣ ሽቶ መቀባትና ካለን ልብስ መልካሙን መልበስ የተወደደ ነገር ነው። ልብ ብለን ካየነው የተወደደው «መልካሙን» መልበስ ነው፤ በየዓመቱ ከሱቅ የወጣ አዲስ መሆን አለበት የሚለውን ያመጣው ገበያው ነው። ስስትም ኢስራፍም ባልተወደዱበት ሃይማኖት ውስጥ ለምንኖር ሰዎች መካከለኛው መንገድ አንድ ነው፤ ጥቂት፣ ጠንካራና ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ነገር፣ ጊዜ ወስዶ መግዛት።

ከሐረር ቤት የምንማረው

ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጀጎልን የጎበኘ ሰው የቀድሞውን የሐረሪ ቤት አይቶት ይሆናል። ዋናው ክፍል ውስጥ ሲገባ ዓይን የሚያርፈው በቀይ አፈር በተቀቡት መደቦች ላይ ነው። «ነደባ» ይባላሉ። ከግንቡ ጋር አብረው የተሠሩ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ የቤቱ አባወራም እንግዳውም ልጁም የየራሱን ቦታ የሚያገኝባቸው መቀመጫዎች ናቸው። ሶፋ የለም፤ መቀመጫው ራሱ ቤቱ ነው። ከትውልድ ትውልድ የሚቀየረው በላዩ የሚነጠፈው ምንጣፍና ትራስ ብቻ ነው።

ግድግዳው ደግሞ በስፌት ሥራዎች፣ በሳህኖችና በእንጨት ገበታዎች የተሞላ ነው። እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ቀን ተገዝተው የተሰቀሉ አይደሉም። አንዲት ጥሩ ስፌት ተሰፍታ እስክታልቅ ወራት ልትፈጅ ትችላለች። አንዱ በሠርግ የመጣ፣ ሌላው ከእናት የተወረሰ፣ ሦስተኛው የቤቱ ልጅ ራሷ ስፌት ስትማር የሠራችው ነው። እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳው ወርዶ ምግብ ይቀርብበታል፣ ከዚያ ታጥቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጌጥም መገልገያም ነው። የሐረሪ ቤት ውበት የመጣው ሁሉም ዕቃ ለምን እንደገባና ከማን እንደመጣ ስለሚታወቅ ነው።

በሌሎች አካባቢዎችም ተመሳሳይ ነገር አለን። እናት ጥጡን ፈትላ ለሸማኔ የሰጠችው፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ፣ ከልጇ ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጅ ሲታቀፍበት እናያለን። ያንን ጋቢ ማንም «አሮጌ» ብሎ አይጥለውም።

በአንድ ቀን የተሞላ ቤት

ነገሩ ከሁሉም በላይ የሚከብደው አዲስ ጎጆ ለሚወጡ ወጣቶች ነው። የረመዳን ጾም አልቆ ሸዋል ሲገባ ኒካህ የሚያስሩ ብዙዎች ናቸው። ቤተሰብና ጎረቤት «ቤቱ ሙሉ ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ሙሽሮቹ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ሶፋውን፣ ቡፌውን፣ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን በአንድ ሳምንት ይገዛሉ። ብድሩ የትዳሩ የመጀመሪያ እንግዳ ሆኖ ይገባል። ገና አብረው ሳይኖሩ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ማወቅ አይችሉምና፣ ከተገዛው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ በየቀኑ ያገለግላል።

ለአዲስ ቤት በመጀመሪያው ዓመት የሚበቃው ጥሩ ፍራሽ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ንጹሕ የወለል ፍራሽና ምንጣፍ፣ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ድስት፣ የቡና ዕቃና መስገጃ ነው። የቀረው ኑሮው ራሱ ሲጠይቅ ይገባል። ወላጆችም ብንሆን ለልጆቻችን የምናደርገው ትልቁ እርዳታ «ቤቱ ሙሉ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መተው ነው።

ዝርዝርና እቁብ

በትዕግሥት መግዛት እንዲሁ መጠበቅ ማለት አይደለም፤ ሥርዓት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሥርዓት ዝርዝር ነው። ለቤቱና ለቤተሰቡ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፍና ኩሽና ውስጥ ይለጠፍ። የተጻፈው ነገር ቢያንስ ሁለት ደመወዝ ይለፈው። ከዚያ በኋላም «ያስፈልጋል» ካልን ይገዛ። በዝርዝሩ ላይ ከተጻፉት ነገሮች ብዙዎቹ ከሁለት ወር በኋላ ራሳቸው ይሰረዛሉ፤ የቀሩት በእርግጥ የጎደሉን ናቸው።

ሁለተኛው እቁብ ነው። እቁብ ወለድ የሌለበት፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ በተራ የሚደርስ ገንዘብ ስለሆነ ለአንድ ትልቅና ዘላቂ ዕቃ የተመቸ ነው። እቁቡ ሲደርስ ለአሥር ትናንሽ ነገሮች ከሚበተን፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ላለው አንድ ነገር ቢውል በየዓመቱ ቤቱ ውስጥ አንድ የማይቀየር ዕቃ ይገባል። በአሥር ዓመት አሥር ይሆናሉ።

ሦስተኛው የቀን አቆጣጠራችንን ማስታወስ ነው። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ኢድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ይመጣል። አንድ ዓመት በበጋ ፀሐይ የሚውለው በዓል ከዓመታት በኋላ በክረምት ዝናብ ይውላል፤ ዙሩን የሚጨርሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ለብዙ ኢድ የሚሆን ልብስ ለአንድ ወቅት ብቻ የተሰፋ መሆን የለበትም። በሙቀት ብቻውን፣ በብርድ ከላይ ተደርቦበት የሚለበስ ቀሚስ ወይም ጀለቢያ ይመረጣል። ደመወዝ የሚወጣበት ቀንና ኢድም በየዓመቱ ርቀታቸው ስለሚለያይ፣ የበዓሉን ወጪ በበዓሉ ወር ላይ ብቻ መጣል አያዋጣም።

ጠንካራ ልብስ እንዴት ይታወቃል?

ዋጋ ብቻውን አይናገርም። በስሌት እንየው። በ1,500 ብር የተገዛ ቀሚስ አምስት ጊዜ ተለብሶ ከተበላሸ፣ አንዱ መልበስ 300 ብር ፈጀ ማለት ነው። በ4,000 ብር የተገዛው ሰማንያ ጊዜ ከተለበሰ፣ አንዱ መልበስ 50 ብር ብቻ ነው። ውድ የተባለው ረከሰ። ነገር ግን 4,000 ብር የተጠየቀበት ሁሉ ሰማንያ ጊዜ አይለበስም፤ ስለዚህ እጅና ዓይን ይሥሩ።

ልብሱን ገልብጡትና ስፌቱን እዩ። ስፌቱ ጠበቅ ያለ፣ ክሩ ያልተንጠለጠለ፣ ጠርዙ ታጥፎ ወይም ተዘምዝሞ የተሸፈነ ይሁን። ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ ስታደርጉት ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ቶሎ ይተረተራል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት፤ አንዱ ቦታ ሳስቶ ሌላው ከወፈረ አይቆይም። በሜትር ለሚገዛ ጨርቅ ደግሞ ከጫፉ አንድ ክር ተመዝዞ ቢቃጠል እውነቱ ይወጣል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይህ ማለት ፖሊስተር ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ፖሊስተር የሆነ ጥቁር አባያ ቀለሙንና ቅርጹን ለዓመታት ይይዛል። ነገር ግን በሙቀት ለሚለበስ፣ ከሰውነት ጋር ለሚነካካ ልብስ ጥጥ ይሻላል። የጥጥ ዋጋ ከፍሎ ፖሊስተር ይዞ መመለስ ግን ማንም አይፈልግም።

ለልጆች ልብስ ስትገዙ ወይም ስታሰፉ፣ ከታች ጠርዙና ከጎን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን እዩ። ልጅ በየዓመቱ ያድጋል፤ አምስት ጣት የሚሆን እጥፋት ያለው ቀሚስ ግን አብሮ ያድጋል። ልብስ ሰፊው እጥፋቱን ሲፈታው ታላቋ አንድ ኢድ ትጨምራለች፤ ከዚያ ለታናሿ ይደርሳል። ለታናሿም ቢሆን አዲስ ቁልፍ ወይም አዲስ ሻሽ ቢጨመርላት ደስታዋ አይጎድልም።

ዕቃስ?

የእንጨት ዕቃ ሲገዛ ውጫዊ ቀለሙ ሳይሆን ውስጡ ይጠየቅ። ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ ሲታይ ያምራል፣ ውሃ ሲነካው ግን ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከላላ መልሶ አይነክስም። ቤት ለሚቀያይር ተከራይ ደግሞ በሁለተኛው ጉዞ ይፈርሳል። ከዋንዛ ወይም ከሌላ ሙሉ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ ግን ሲጫር ተልጎ፣ ሲላላ ተጠብቆ እንደገና ይቆማል። የኋላውንና የመሳቢያውን ታች ማየት አትርሱ፤ ሠሪው የደበቀው ነገር ካለ እዚያ ነው።

አረቢያን መጅሊስ ለሚያሠራ ሰው ሦስት ነገር ይበቃል። ስፖንጁ ከበድ ያለ ይሁን፤ በጉልበት ሲጫኑት መሬቱ የሚነካ ከሆነ በአንድ ዓመት ይጠፈጠፋል። ልብሱ ዚፕ ያለውና የሚወልቅ ይሁን፣ ሾርባ ሲፈስበት ይታጠባል። ሲያረጅም ልብሱ ብቻ ይቀየራል እንጂ ሙሉው አይጣልም።

አዲስ ከመግዛት በፊት ደግሞ ያለው ይታይ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ተጠግኖ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። በየሠፈሩ ጫማ የሚጠግን፣ ዚፕ የሚቀይር፣ ወንበር የሚያጠብቅ ባለሙያ አለ። የሰልባጅ ተራውም በትዕግሥት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ኮትና ሙሉ ጥጥ ሸሚዝ አያጣም። በአረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችንና ልጆቻችንም ለኢድ ልብስ ሲልኩ፣ በሻንጣ ሙሉ ከሚልኩት ርካሽ ልብስ ይልቅ አንድ ጥሩ አባያ ወይም አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ እንደሚበቃን ብንነግራቸው ድካማቸውንም እናቀላለን። ያ ገንዘብ በላባቸው የመጣ ነው።

የሚሰጥ ነገር

ጠንካራ ነገር የመግዛት ሌላ ጥቅም የሚታየው ከእጃችን ሲወጣ ነው። በችኮላ የተገዛ ልብስ ለእኛ ካገለገለ በኋላ ለማንም አይሆንም። የምንወደውን ነገር እንድንሰጥ የተማርን ሰዎች ደግሞ ለሰደቃ የምናወጣው ልብስ የተቀደደና የለቀቀ ሊሆን አይገባም። ጥሩ ጨርቅ የሆነ፣ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ፣ በንጹሕ ፌስታል የተሰጠ ቀሚስ የሌላዋን ልጅ ኢድ ኢድ ያደርገዋል። እሷም ከኢድ ሶላት ስትመለስ ልብሱ የማን እንደነበረ ማንም አያውቅም።

የዘንድሮው ኢድ ሳይደርስ ሁሉንም ማስተካከል አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በእነዚህ በቀሩት ሌሊቶች ቁም ሳጥኑ ይከፈት፣ ካለው ውስጥ መልካሙ ይመረጥ፣ ይታጠብ፣ ይተኮስ። ዘካተል ፊጥሩ በቅድሚያ ይለይ። በእርግጥ ለጎደለው አንድ ነገር ገንዘብ ካለ በቀን ተወጥቶ ይገዛ፤ ሌሊቱ ለሶላቱ ይተው። የመጀመሪያው ዝርዝር ደግሞ በሸዋል፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ይጻፋል። ለሚቀጥለው ኢድ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ገደማ አለ።