ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

ዳሌው ወይም ጉልበቱ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚቀየርለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በቀጥታ ቤቱ ይገባል ወይስ ማገገሚያ ማዕከል መቆየት ያስፈልገዋል? ይህን ገና ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በደንብ መገመት ይቻላል። ለዚያውም ያለ ራጅ፣ ያለ ደም ምርመራ! ስድስት ጥያቄ ብቻ ይበቃል።

መለኪያው ራፕት ይባላል። አውስትራሊያዊቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊዮኒ ኦልድሜዶውና ባልደረቦቻቸው አዘጋጅተውት፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ በእግር የሚኬድ ርቀት እና የመራመጃ ድጋፍ (ከዘራ፣ ምርኩዝ ወይም ዎከር) እያንዳንዳቸው እስከ 2 ነጥብ አላቸው። አምስተኛው በሳምንት ስንት ጊዜ የቤት ለቤት አገልግሎት እንደሚያገኙ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ አገልግሎት የሚያገኝ ሰው 0፣ የማያገኝ ደግሞ 1 ይሰጠዋል። ግራ ያጋባል አይደል? ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ከወዲሁ ብዙ እገዛ የሚያሻው ሰው ለቀዶ ሕክምናው ጫና የተረፈ አቅሙ ትንሽ ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ ብቻውን 3 ነጥብ ይይዛል፤ ከሁሉም ይከብዳል። እንዲህ ይላል፦ ቤት ሲገቡ አብሮዎት ሆኖ የሚያስታምምዎ ሰው አለ?

እስቲ እናስላው። ዕድሜያቸው 78 የሆነ፣ በአንድ ከዘራ የሚሄዱ፣ አቅራቢያቸው ካለ ሱቅ ደርሰው የሚመለሱ፣ የቤት ለቤት አገልግሎት የማያገኙ እናት እንውሰድ። አስታማሚ ከሌላቸው ነጥባቸው ከ12ቱ 4 ነው። ከ6 በታች ማለት ረዘም ያለ የማገገሚያ ቆይታ ሊያስፈልግ ይችላል ማለት ነው። አስታማሚ ካላቸው 7 ይሆናል። ከ6 እስከ 9 ያለ ሰው በቂ ዝግጅት ከተደረገለት ቤቱ መግባት ይችላል፤ ከ9 በላይ ያለ ደግሞ በቀጥታ። ጉልበቱ ያው ጉልበት፣ ዕድሜውም ያው ዕድሜ ነው፤ መንገዱን የቀየረው አጠገባቸው ያለው ሰው ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጭኑ ጡንቻ ይደክማል፤ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ መደገፍ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ማስታወስ፣ ባት ሲያብጥ ወይም ቁስሉ ሲያዥ ቶሎ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ቤት መግባት ደግሞ ማነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ጉልበታቸው የተቀየረላቸውን 165 ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ 10 ቀን ማገገሚያ ተኝተው ከዚያ ቤታቸው እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ሌሎቹ በቀጥታ ቤታቸው ገብተው ሠሩ። ከ26 ሳምንት በኋላ በስድስት ደቂቃ የተራመዱት ርቀት ጉልህ ልዩነት አልታየበትም።

የራፕት ትንበያ ትልቁ ጥቅም አስቀድሞ ለመዘጋጀት ጊዜ መስጠቱ ነው። ዕድሜን መቀነስ አይቻልም፤ አስታማሚን ግን መፈለግ ይቻላል። ወላጆቻችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነና ለዚህ ሕክምና ቀጠሮ ከተያዘላቸው፣ ተራ ገብታችሁ ማን መቼ እንደሚያድር የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ ተነጋገሩ፤ ለሐኪሙና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ንገሩ።