የአይሪስ ሲስት፦ የቀዶ ሕክምና አማራጮችና ዘላቂ ውጤታቸው

አይሪስ ለዓይን ቀለሙን የሚሰጥና ወደ ውስጥ የሚገባውን የብርሃን መጠን የሚቆጣጠር የዓይን ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሲፈጠር የአይሪስ ሲስት ይባላል።

ሲስቱ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓይነት ያለ ጉዳት በራሱ የሚፈጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ሳይለወጥ ስለሚቆይ ከክትትል በቀር ሕክምና አያሻውም። ሁለተኛው ዓይን በእሾህ፣ በሽቦ ወይም በስለት ከተወጋ በኋላ፣ አልፎ አልፎም ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ነው። የዓይንን ገጽ የሚሸፍኑ ሕዋሳት በቁስሉ በኩል ወደ ውስጥ ገብተው ስለሚራቡ፣ ሲስቱ ጉዳቱ ከተረሳ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል። እያደገ ሲሄድ ብሌንን ይጋርዳል፤ ኮርኒያን ይጎዳል፤ የዓይን ግፊትንም ከፍ በማድረግ ግላኮማ ያስከትላል።

የሕክምና አማራጮች

ከሕክምናው አስቀድሞ እብጠቱ ዕጢ አለመሆኑ በአልትራሳውንድ ይጣራል። ፈሳሹን በመርፌ መምጠጥ ቀላሉ ዘዴ ቢሆንም፣ የከረጢቱ ግድግዳ በቦታው ስለሚቀር ሲስቱ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። በዚህም ምክንያት ግድግዳውን የሚያደርቅ አልኮል ለአጭር ጊዜ አስገብቶ መልሶ መምጠጥ ወይም ሌዘር መጠቀም ይቻላል። ትልቅ ወይም ተመላላሽ ሲስት ደግሞ ከተጣበቀበት የአይሪስ ክፍል ጋር በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በዚህ ጊዜ ከረጢቱ ከፈነዳ ሕዋሳቱ በዓይን ውስጥ ተሰራጭተው ለማከም እጅግ አዳጋች ስለሚሆኑ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይደረጋል።

ዘላቂ ውጤት

የእይታው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያው ጉዳት ክብደትና ሕክምናው በተጀመረበት ጊዜ ነው። ሲስቱ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ፣ ግላኮማ ወይም የዓይን ሞራ ሊከተል ስለሚችል ታካሚው ደህና ነኝ ብሎ ክትትሉን ማቋረጥ የለበትም። በሕፃናት ላይ የተጋረደው ዓይን የማየት ችሎታው ሳይዳብር ሊቀር ስለሚችል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መነጽር ማድረግና ጤነኛውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ሊያስፈልግ ይችላል።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ

ዓይን ሲወጋ አለማሸት፣ የተሰካውን ነገር አለመንቀል፣ ምንም ዓይነት መድኃኒት አለመጨመር፤ ዓይኑን ሳይጫኑ በንጹሕ ኩባያ ከልሎ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቀደም ሲል ዓይኑ የተጎዳ ሰው የብሌን ቅርጽ መዛባት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም በአይሪስ ላይ እብጠት ሲያስተውል ሳይዘገይ በዓይን ሐኪም ሊመረመር ይገባል።