ዓባይን በአርማው የያዘው ስኳድሮን

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ የከተማዋ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ሜዳዎች አንዱ ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በአውቶብስና በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ጎረፉ። አቅም ያላቸው መንግሥታት ደግሞ ዜጎቻቸውን በአየር አወጡ። ከካርቱም በስተሰሜን ባለው የዋዲ ሰይድና የጦር ማረፊያ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች እየወረዱ፣ ሰው እየጫኑ ወደ ቆጵሮስ ተመላለሱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው ወጣ። በዚያው ሳምንት ሄርኩለስ የተባለ አንድ የቱርክ ማጓጓዣ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ በጥይት ተመትቷል፤ ስፍራው የዋዛ አልነበረም።

የእንግሊዞቹ ሄርኩለሶች የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ማጣራት የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። አውሮፕላን ያረጃል፣ ይጣላል፤ አብራሪም ጡረታ ይወጣል። ስኳድሮን የሚባለው የአየር ክፍል ግን ቁጥሩን፣ አርማውንና የውጊያ ታሪኩን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያወርሳል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ሥር መቶ ዓመት ሊገኝ ይችላል። በወቅቱ በእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ ለግዳጅ ያሰማራ የነበረው 47ኛው ስኳድሮን ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሁለት ወር በኋላ፣ በ2023 ሰኔ መጨረሻ፣ በክብር ተሰናበቱ፤ ስኳድሮኑም በዚያው ዓመት ተበተነ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፣ አርማውን ባላይ። በነጭና በሰማያዊ የውኃ ሞገድ በተሞላ ክብ ፊት የአንዲት ረጅም አንገት ወፍ ራስ ይታያል። ከሥሩ በላቲን የተጻፈው መፈክር የዓባይ ስም የብርታታችን ምልክት ነው እንደ ማለት ነው። አንድ የእንግሊዝ ስኳድሮን ቴምዝን ትቶ ዓባይን በአርማው ላይ ያኖረው ምን ቢያገኝ ነው?

መልሱን ፍለጋ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ስኳድሮኑ በ1916 እንግሊዝ ውስጥ ተቋቁሞ በመቄዶንያ ግንባር ተዋጋ። በ1919 በደቡብ ሩሲያ «ነጭ» ከሚባለው ፀረ አብዮት ጦር ጎን ተሰልፎ ቦልሼቪኮችን ወጋ። ያን ጊዜ አዛዡ ካናዳዊው ሬይመንድ ኮሊሾ ነበር፤ ስሙን ያተረፈው በእንግሊዝ የባሕር ኃይል የአየር ክፍል ተዋጊ አብራሪነት ነው። የአርማው ወፍም ከዚህ መንገድ ጋር ትገጥማለች፤ ከጥቁር ባሕር ሰሜን ባሉት ሜዳዎች ትፈለፈልና ክረምቱን ሱዳን ላይ ታሳልፋለች። ስኳድሮኑ በ1920 ግብፅ ውስጥ እንደገና ተቋቋመ፤ በ1927 ጥቅምት ወር ዋና ሰፈሩን ካርቱም አደረገ።

ካርቱም ላይ ያገኘሁት ነገር ከሁሉ አስደነቀኝ። ፌሪ የተባሉት ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖቹ ጎማቸው ተፈትቶ በምትኩ የጀልባ ቅርጽ ያላቸው ተንሳፋፊዎች ይገጠሙላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ መንደርደሪያቸው ወንዙ ነው። ለሱዳን የሚስማማ ብልሃት ነበር፤ ዝናብ ሲጥል የደቡቡ ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆናል፣ አውሮፕላን አያሳርፍም፤ ወንዙ ግን ምንጊዜም ክፍት ነው። የአርማው ሞገድና መፈክሩ ትርጉም ያገኙልኝ እዚህ ላይ ነው። እኛ ሀገር የሚነሳው ውኃ ከነአፈሩ ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ሲገናኝ፣ በላዩ ላይ የጦር አውሮፕላን ይንደረደር ነበር።

የጦር አውሮፕላን መሆኑ መረሳት የለበትም። ስኳድሮኑ ካርቱም በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ የተሰጠው ሥራ በአሁኗ ደቡብ ሱዳን የሚኖሩትን የሎው ኑዌሮች መደብደብ ነው። ነቢያቸው ንጉንዴንግ ቦንግ ዴንግኩር ላይ ያስገነባው ትልቅ የአፈር ጉብታ ነበር፤ ልጁ ጉዌክ ደግሞ ለቅኝ ገዢው አስተዳደር አልገዛም አለ። አውሮፕላኖቹ ጉብታውንና የከብት በረቶችን በቦምብ መቱ። ጉብታው ለቦምቡ አልተበገረም፤ ቆይቶ ወታደሮች በፈንጂ አፈረሱት። ጉዌክ በ1929 እዚያው ዴንግኩር ላይ ተገደለ። ከእሱ የተወሰደው የአባቱ በትር ጁባ ተመልሶ ለሕዝቡ የተሰጠው በ2009 ነው። ጋምቤላ ያሉት ኑዌሮች የእነዚሁ ሰዎች ዘመዶች ናቸው። የአየር ኃይሉ ሰዎች ይህን ሥራ ከአየር ላይ ጸጥታ ማስከበር ይሉት ነበር። የተፈጸመው ግን በአርብቶ አደር ላይ ቦምብ መጣል ነው፤ በስኳድሮኑ መዝገብ ላይ በዚህ ስሙ ሊጻፍ ይገባል።

ከዚያ 1940 መጣ፤ የእኛም ታሪክ ከስኳድሮኑ ጋር የሚጋባው እዚህ ነው። ኢጣሊያ ሰኔ 10 ቀን ጦርነት አወጀች። በማግስቱ 47ኛው አሥመራን ደበደበ። የያዘው አውሮፕላን ዌልስሊ ይባላል፤ ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ክንፉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 23 ሜትር ይረዝማል። የብረት ዘንጎች እንደ ሰፌድ ስፌት እየተጠላለፉ አካሉን ይሠሩታል። ቦምቦቹ ከክንፎቹ ሥር በተንጠለጠሉ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጣሉ። በ1938 ዌልስሊዎች ከግብፅ አውስትራሊያ ድረስ ሳያርፉ በርረው የዓለምን የርቀት ክብረ ወሰን ሰብረው ነበር። በ1940 ግን ዘገምተኛ ሆነዋል፤ የኢጣሊያ ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣባቸው ማምለጫቸው ደመናና የኤርትራ ተራራ ነበር። እንግሊዝ ምርጡን አውሮፕላን ለራሷ ሰማይ ያዘች፤ ለእኛ ግንባር የደረሰው ትርፍራፊው ነው። በትርፍራፊው ግን ተሠራበት።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም የደረሱት በሰኔ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከተማዋ የስደተኛው ንጉሥ፣ የአርበኞች መልእክተኞችና የጦር መኮንኖች መናኸሪያ ሆነች። ሱዳን የነበሩት ስኳድሮኖችም የአንድ ዘመቻ አካል ሆኑ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞች ጋር ለመሥራት በነሐሴ ወደ ጎጃም ገባ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ከካርቱም ጋር ፈጥኖ የሚያገናኘው መንገድ ነበር፤ በበቅሎ ሳምንታት ይወስዳል። መፍትሔ የሆነው ቪንሰንት የተባለው ያረጀ አውሮፕላን ነው። ከ47ኛው ስኳድሮን ተቆርጦ የተቋቋመ አንድ ትንሽ የአየር ክፍል እነዚህን ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖች ይዞ ነበር። በኅዳር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በአንዱ ተሳፍሮ ከጠላት ጀርባ፣ ሰከላ አካባቢ አረፈ። ማረፊያውን ገደል አፋፍ ላይ የጠረጉት የሀገሩ ሰዎች ናቸው። ለመነሳት ሲንደረደሩ መንገዱ አልቆ ገደሉ ይጀምራል፤ አብራሪው ኮሊስ አስነስቶ ካርቱም መለሰው። ዊንጌትና ሳንድፎርድ ለንጉሠ ነገሥቱ መግቢያ እቅዱን የተነጋገሩት በዚያ ጉዞ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ።

ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር ነው። የዓባይን ስም በመፈክሩ ከያዘው ስኳድሮን የወጣ አውሮፕላን፣ ከካርቱም ተነስቶ ከምንጩ አጠገብ ማረፉን ሳነብ የያዝኩትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዘግቼ ካርታ አወጣሁ። ማረፊያውን ማን መረጠው፣ ማን ድንጋዩን ለቀመው፣ ማን አጥሮ ጠበቀው? የአብራሪው ስምና ሽልማት ተመዝግቧል። ያን ሜዳ የጠረጉት ሰዎች ግን በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ በጅምላ ስማቸው ብቻ ያልፋሉ፤ ያለ እነሱ ግን አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ስንዝር መሬት አልነበረም።

የባሕር ኃይል ስኳድሮኖችም ወደ ሱዳን መጥተው ነበር። ኢግል የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ1941 መጀመሪያ የስዊዝ ቦይ በፈንጂ በመዘጋቱ ግብፅ ላይ ቆማ ሳለ፣ 813ኛውና 824ኛው ስኳድሮን መርከባቸውን ትተው ወደ ፖርት ሱዳን በረሩ። ሶርድፊሽ የሚባሉት አውሮፕላኖቻቸው ሸራ የለበሱ ባለ ሁለት ክንፍ ናቸው። የኢጣሊያ አጥፊ መርከቦች ከምጽዋ ወጥተው ፖርት ሱዳንን ሊመቱ ሲገሰግሱ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1941 ሶርድፊሾቹ ባሕር ላይ ደረሱባቸው። ናዛሪዮ ሳውሮና ዳኒኤሌ ማኒን ሰጠሙ፤ ምጽዋም ከአምስት ቀን በኋላ ወደቀች። በቀይ ባሕር ላይ የነበረው የኢጣሊያ ባሕር ኃይል እንዲያከትም እነዚህ የሸራ ክንፎች ድርሻ ነበራቸው።

47ኛው ከከረን ውጊያ በኋላ አሥመራ ገብቶ ጎንደር እስክትወድቅ፣ እስከ 1941 ኅዳር ድረስ፣ እዚያ ያለውን የኢጣሊያ ምሽግ ሲደበድብ ቆየ። ከዚያ ሜዲትራኒያን ላይ መርከብ በቶርፔዶ አደነ፤ ከጦርነቱ በኋላ ለበርሊን ምግብና ከሰል አመላለሰ፤ በ1968 ሄርኩለስ ተረከበ። ይህን ሁሉ በፍጥነት ገለጥኩት፤ ዓባይ የሌለበት ምዕራፍ ነው ብዬ።

በ1984 ግን ዱካው አዲስ አበባ ላይ ብቅ አለ። በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በእኛ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ሄርኩለሶች ለረሃቡ እርዳታ ቦሌ ደረሱ፤ ከሠራተኞቹ መካከል የ47ኛው ሰዎች ነበሩበት። መጀመሪያ ከአሰብ ወደ መቀሌና አክሱም እህል አጓጓዙ። መኪናም አውሮፕላንም የማይደርስባቸው ደጋዎች ሲቀሩ ከአየር መጣል ተጀመረ። እህሉ በድርብ ጆንያ ይሞላል፣ ውስጠኛው ቢቀደድ ውጪኛው እንዲይዘው። ፓራሹት የለም። አውሮፕላኑ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የኋላ በሩን ከፍቶ ሜዳው ላይ ያልፋል፤ ጆንያው እየተንሸራተተ ይወጣና መሬቱን መቶ ይንከባለላል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ፣ አየሩ በሳሳና ዙሪያው ተራራ በሆነ አምባ ላይ እንዲህ መብረር ከውጊያ የማይተናነስ ሥራ ነው። ሜዳውን ቀድመው የሚያሰናዱት በፖላንድ ሄሊኮፕተር የሚደርሱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ሰዓት የቀዝቃዛው ጦርነት ሁለቱ ጎራዎች ወታደሮች አውሮፓ ላይ ጠመንጃ ተደጋግነው፣ ሰሜን ሸዋ ራቤል ላይ ግን አብረው እህል ያወርዱ ነበር። ሥራው እስከ 1985 ዲሴምበር ቀጠለ፤ ሄርኩለሶቹ ያጓጓዙት ከ30,000 ቶን በላይ ነው።

የዚህ ስኳድሮን ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ እየመዘገቡ አኑረዋል፤ የእኛ ወገን ግን ጎዶሎ ነው። በ1977 ዓ.ም. ቦሌ ላይ ጆንያ ስትጭኑ ያደራችሁ፣ በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ውስጥ የሠራችሁ፣ ራቤልና አካባቢው ሜዳውን የጠረጋችሁና የወደቀውን እህል ያነሳችሁ፣ ሰከላ ላይ የቪንሰንቱን ማረፊያ የጠረጉ አያቶች ያሏችሁ፣ የምታውቁትን ከነስሙና ከነቦታው ጻፉት፤ መጻፍ የማይችሉ አረጋውያን ካሉም ድምፃቸውን ቅዱልን።