ቤት ያጣ ውሻና የሚቀበለው ሰው

ውሻ ከጥንት ጀምሮ ለሰው ባልንጀራና ጠባቂ ሆኖ የኖረ እንስሳ ነው። በሌሊት ቤት ይጠብቃል፤ በቀን ከእረኛ ጋራ ይውላል፤ ጌታው ባለጠጋ ቢሆን ወይም ድኻ ቢሆን አይለየውም። ሰው ግን ለውሻ ሁልጊዜ እንዲሁ ታማኝ አይደለም። ቡችላ ሳለ ያጫውተዋል፤ ባረጀ ወይም በታመመ ጊዜ ወደ መንገድ ያወጣዋል። እንዲህ የተጣለ ውሻ በታላላቅ ከተሞች ውስጥ በረኃብና በብርድ ይንከራተታል።

በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ሜሪ ቲልቢ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። አንዲት ወዳጇ በረኃብ ሊሞት የደረሰ ውሻ በመንገድ አግኝታ እንደ ነበረ፥ ሜሪም ልታድነው ብዙ ደክማ እንደ ሞተባት ይነገራል። ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖ ዝም ባለ ነበር። እርሷ ግን ኀዘኗን ወደ ሥራ ለወጠችው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 ዓመት ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ መጠጊያ አቆመች።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ሣቁባት፤ በጋዜጣም ሳይቀር ሥራዋ መሣለቂያ ሆነ። ይሁን እንጂ በ1862 ዓመት ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ሥራዋን የሚያመሰግን ጽሑፍ ወጣ። ሜሪ ቲልቢ በ1865 ዓመት ሞተች፤ ቤቱ ግን አልተዘጋም። በ1871 ዓመት ባተርሲ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ፤ በ1883 ዓመት ድመቶችንም መቀበል ጀመረ፤ በ1885 ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂ ሆኑለት። እስከ ዛሬም አለ።

በቀድሞው ዘመን የሚወስዳቸው ሰው ያላገኙ ብዙ ውሾች በመጨረሻ እንዲሞቱ ይደረግ ነበር። ስለዚህ አንድ ውሻ የሚቀበል ሰው አንድ ሕይወት ያድን ነበር። ዛሬ አሠራሩ ተሻሽሏል። ውሻው በገባ ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ይመረምረዋል፤ ክትባትም ይሰጠዋል። ቍጥር የያዘች፥ የሩዝ ቅንጣት የምታህል መታወቂያ ከቆዳው በታች ትቀመጥለታለች፤ ዳግመኛ ቢጠፋ ባለቤቱ በዚህች ይታወቃል። ጠባዩም ይጠናል፤ ሕፃናትን ይወድ እንደ ሆነ፥ ከሌላ ውሻ ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ፥ ለብቻው ሲቀር ይጨነቅ እንደ ሆነ ይታያል።

ውሻ ሊወስድ የመጣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ብቻ ይዞ አይሄድም። አስቀድሞ ይጠየቃል። ቤቱ ምን ያህል ነው? በቤቱ ሕፃናት አሉን? ቀኑን የሚውለው የት ነው? ውሻው ቢታመም የሚያሳክምበት ገንዘብ አለውን? ይህ ሁሉ ጥያቄ ሰውን ለማዋረድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተጣለ ውሻ ሁለተኛ እንዳይጣል ነው። ውሻ ዐሥር ዓመት፥ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይኖራል። የስድስት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ዛሬ ቡችላ ቢቀበል፥ ልጁ አድጎ ጐልማሳ እስኪሆን ድረስ ያ ውሻ በየዕለቱ ምግብና ውኃ ይፈልጋል። ይህን ለማድረግ የማይችል ሰው «አልችልም» ብሎ እውነቱን ቢናገር እርሱም ደግነት ነው።

አዲሱ ውሻ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ወዲያው ደስ አይለውም። በጥግ ይሸሸጋል፤ ምግብ ይተዋል፤ መጥረጊያ ያነሣ ሰው ባየ ጊዜ የቀድሞው ዱላ ትዝ ብሎት ይሸሻል። አስተዋይ ቤተ ሰብ በዚህ አይቈጣም። ጸጥ ያለ ስፍራ ያዘጋጅለታል፤ ምግቡን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ልጆችም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ይከለክላል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ውሻው ከጥጉ ይወጣል፤ ከዚያም ስሙ ሲጠራ ጅራቱን እየቈላ ይመጣል።

ነገር ግን ልጅ በመንገድ ያገኘውን የማያውቀውን ውሻ ራሱ ሊይዝ አይገባውም፤ ለወላጆቹ ይንገር። የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻ ይተላለፋል፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን በውኃና በሳሙና ደኅና አድርጎ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው መጽሐፍ ለእንስሳ መራራትን ከጻድቅ ሰው ሥራ ጋራ ቈጥሮታል። ለተራበ ውሻ አንድ ቀን ቍራሽ መጣል ለማንም ሰው ቀላል ነው። እውነተኛ ርኅራኄ ግን በማግሥቱም፥ በሚመጣውም ዓመት፥ ውሻው አርጅቶ መጮኽ ባቃተው ጊዜም ሳይሰለች የሚያበላ ነው። ውሻ ለጌታው ታማኝ እንደ ሆነ ሁሉ ጌታውም ለውሻው ታማኝ ሊሆን ይገባዋል።