ዝሆኔ፦ ከቀይ አፈር እስከ ዘረመል

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ከወሎ ተራሮች የሚወርደው ገበሬ እህሉን፣ ከአፋር የሚወጣው አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል። የእግር ሕመም የሚያጠና ሰው ግን ከሸቀጡ ይልቅ እያንዳንዱ ገበያተኛ ሲረግጥ የኖረውን አፈር ይጠይቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ ዝናብ በሚያገኝ፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሠራ ሰው ለዝሆኔ ይጋለጣል። ቆላው ውስጥ ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ እምብዛም የለም።

“ይህ ዓይነቱ” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዝሆኔ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የደጋው ዝሆኔ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም ትልም የለበትም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች የብሽሽት ዕጢ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ያገኙት ደቃቅ የአፈር ማዕድን ነበር። ቅንጣቱ በቆዳ በኩል ይገባል፣ የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያስቆጣል፤ መተላለፊያው ሲጠብ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው እየወፈረ ይሻክራል።

ታዲያ አንድ ማሳ ላይ አብረው በባዶ እግራቸው ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች የአንዱ እግር አብጦ የሌላው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው? ተመራማሪው ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ የተነሡት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ወደ ዘረመሉ ከመግባታቸው በፊት ግን ሕመሙ የሚያስከፍለውን ዋጋ ቆጥረዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት የወላይታ ጥናት መሠረት፣ አንድ ታማሚ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን ያጣል፤ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ዞን ደግሞ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከስራል። ቀጥሎ የሠሩት ሥራ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የሰውን ዘረመል ለመመርመር ፈቃድ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ሕዝቡን ራሱን ጠየቁ። መገለሉ ከባድ ስለሆነ “ቤተሰቡ በሙሉ የተበከለ ነው” መባል ያስፈራል። “በዘር ከመጣማ ጫማ ምን ይፈይዳል?” የሚል ተስፋ መቁረጥም አለ። ይህን ሳያዳምጡ ናሙና መሰብሰብ ታማሚውን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነበር።

ከዚያም በጥናታቸው የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ዘረመል ተነጻጽሮ ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ግኝቱም አባት፣ እናትና ልጅ ባሉባቸው 202 የቤተሰብ ስብስቦች ተፈትሿል። ልዩነቱ የታየው ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ክፍል ላይ ነው። ይህ ክፍል ባዕድ ነገርን ለቲ ሴሎች የሚያሳዩ ሞለኪውሎች የሚሠሩበትን መመሪያ ይዟል። አንዳንድ ሰው የወረሰው ዓይነት ለዚህ በሽታ ይበልጥ ያጋልጠዋል። ስለዚህ እግሩን የሚያሳብጠው አፈሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነቱ ራሱ ለአፈሩ የሚሰጠው የማያባራ ምላሽም ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሰምቶ “ዘሩ ነው” ብሎ ልጅ ከመዳር የሚቆጠብ ሰው ግኝቱን ገልብጦ አንብቦታል። ተጋላጭ ዘረመል ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አፈሩ አያገኘውም፤ በሽታውም አይነሣበትም። ወንድሙ ወይም እኅቱ የታመመበት ልጅ ቀድሞ ጫማ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለታመመውም ሰው መላ አለ። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ትኩሳት ያለውን የሕመም ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የችግሩ ቋጠሮ ውኃው ነው። እግር መዘፍዘፊያው 6 ሊትር ይፈጅ ነበር፤ ሌላ ሙከራ ግን ጥቂት ግሊሰሪን በተጨመረበት 1 ሊትር ውኃ ቆዳው የተሻለ እርጥበት እንደሚይዝ አረጋግጧል። ውኃ ከሩቅ ተቀድቶ በጄሪካን በሚመጣበት የባቲ ዙሪያ ገጠር፣ አንዲት እናት እግሯን በየቀኑ መንከባከብ መቻሏን የሚወስነው ይኸው የ5 ሊትር ልዩነት ነው።