ተጨማሪ መረጃ፦ መንገድ የሚያስቆፍር ኦዲት

እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ የኢንዶኔዥያ የገጠር ልማት ፕሮግራም፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል መንደርተኛው ተሰብስቦ እንዲወስን ያደርግ ነበር። ገንዘቡ በትክክል ሥራ ላይ ውሏል ወይ? ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ኦልከን ከ600 በላይ በሆኑ የጃቫ መንደሮች አዲስ መንገዶችን በመሐንዲሶች አስቆፍሮ፣ የገባውን ድንጋይ፣ አሸዋና ጠጠር ከሂሳቡ ጋር አመሳከረ። ኦዲት፣ ማለትም ወጪን በውጭ ባለሙያ ማስመርመር፣ እንደማይቀርላቸው አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች የጎደለው ገንዘብ በ8 መቶኛ ነጥብ ያህል ቀነሰ። ሂሳቡ ወደሚቀርብበት ስብሰባ ብዙ ሰው መጥራቱ ግን በአብዛኛው የቀነሰው ከቀን ሠራተኞች ክፍያ የሚጎድለውን ገንዘብ ነው። አያስገርምም፤ ሠራተኛው የተቆረጠበትን ገንዘብ ያውቃል፣ መንገዱ ውስጥ የጎደለውን አሸዋ ግን ማን በዓይኑ ይለካል?

በአካባቢያችሁ በመዋጮ የተሠራ መንገድ ወይም ድልድይ ካለ፣ ሂሳቡ ለሕዝብ እንዴት እንደቀረበ ጠይቁ።